እምነት በሻንጣ፣ እምነት በአንደበት

ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከምንጃር ወይም ከይፋት ተነሥቶ ወደ ዐረብ አገርም ሆነ ወደ ፈረንጅ አገር የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ የሚገኘው ነገር ብዙም አይለያይም። የገብስ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከጻድቃኔ ማርያም ወይም ከሸንኮራ ዮሐንስ በሃይላንድ የተቀዳ ጸበል፣ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ በላስቲክ የተቋጠረች እምነት፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ የተባረከ ዱቄት። ጸበሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ሆኖ በእጅ ከተያዘ በብዙ አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክዳኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ መላው ይኸው ነው። እምነቷ ግን ለፈታሹ ስም የሌላት ዱቄት ናት። እሱ አውጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል አብዛኛው ሰው ይደነግጥና «መድኃኒት ነው» ይላል። ከዚህ የባሰ መልስ የለም፤ መድኃኒት ከተባለ ማዘዣ ይጠየቃል፣ ማዘዣ ከሌለ ዱቄቱ ሊመረመር ይሄዳል፣ በረራው ያመልጣል። ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ «ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የተባረከ ነው፤ ስንታመም ግንባራችንን እንቀባዋለን፣ አይሸጥም።» ይህን በእንግሊዝኛም በዐረብኛም አጥንቶ መሄድ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በላይ አለመያዝ፣ ላስቲኩ ላይም ጽፎ መለጠፍ ይበጃል።

«ይህ ምንድን ነው?» ግን አየር ማረፊያ ላይ አያበቃም። አንገት ላይ ያለችው ማተብ፣ ረቡዕ ቀን የሚቀረው ሥጋ፣ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም፣ ሁሉም ያስጠይቃል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንቀዘቅዛለን። «እምነት የግል ነው፣ መስበክ የጴንጤ ሥራ ነው» የሚል አባባል ከቤት ይዘን ወጥተናል። ይህ አባባል በተለይ ከሸዋ ሰው አፍ ሲወጣ ይገርማል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የቡልጋ ሰው ናቸው። ከኢቲሳ ተነሥተው እስከ ዳሞት ድረስ ዞረው ስላስተማሩ ቤተ ክርስቲያን የምትጠራቸው «ሐዲስ ሐዋርያ» ብላ ነው። በየወሩ በ24 ስማቸውን እየጠራ ጠበል ጸዲቅ የሚቀምስ ሰው፣ ማስተማር የሌላ ቤት ሥራ ነው ሊል አይችልም።

ደግሞስ ወንጌል ወደ እኛ የመጣው በማን እጅ ሆነና? ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም በገዛ ፈቃዱ አልመጣም። መርከቡ ተይዞ፣ አብረውት የነበሩት ተገድለው፣ ከኤድስዮስ ጋር በልጅነቱ ወደ ቤተ መንግሥት የተወሰደ ምርኮኛ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ስደተኛ ማለት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡ ኢዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል የቀየረው ያ ልጅ አፉን ዘግቶ ስላልተቀመጠ ነው። ዘጠኙ ቅዱሳንም ከውጭ የመጡ ናቸው። እምነቱን ከስደተኛ የተቀበለ ሕዝብ፣ ስደተኛ ሲሆን ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየንም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ከኢየሩሳሌም በስደት የተበተኑት ቃሉን እየሰበኩ ዞሩ ይላል፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጠመቀውም በዚያው ምዕራፍ ነው።

ሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ግን ከሁሉ የሚቀርባት ምሳሌ ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ከእስራኤል ተማርካ የንዕማንን ሚስት የምታገለግል ብላቴና ነበረች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ጌታዋ በለምጽ ሲታመም ለእመቤቷ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ በሰማርያ ያለው ነቢይ ዘንድ ቢሄድ ይፈውሰው ነበር። ስለ ሬሞን ጣዖት አልተከራከረችም፣ ሥራዋንም አላቋረጠችም። ሰውየው በታመመበት ቀን በሚጠቅመው ነገር መጣች። ልኩ ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ሕጉን ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። ሳውዲ ዐረቢያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ የአደባባይ አምልኮም ክልክል ነው። በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር በተፈቀደ ግቢ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ሙስሊምን ወደ ክርስትና ለመሳብ መስበክ ግን ያስቀጣል። ስለዚህ እዚያ ወረቀት ማደል፣ ለአሠሪ ልጆች መዝሙር ማስተማር፣ የጸሎት ስብሰባን በቀጥታ በቲክቶክ ማስተላለፍ የሚያመጣው መታሰርና መባረር ነው፤ የሚጎዳውም ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን አብረው የነበሩትን ሁሉ ነው። የተጠየቁትን በትሕትና መመለስና ለመሳብ መነሣት ለየቅል ናቸው። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥15 ላይ ያዘዘው ለሚጠይቁ መልስ ለመስጠት መዘጋጀትን ነው፤ አክሎም በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል።

ከይፋት የመጣ ሰው ይህን ጠባይ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ አካባቢ ሰርግ ሲደገስ ለእስላም ጎረቤት በራሱ ሰው የታረደ ሰንጋ ወይም በግ ለብቻው ይዘጋጃል፣ ድስቱም ይለያል። ማንም በማንም አይከፋም። ያንኑ ጠባይ ይዞ መሄድ ነው። ዐረቦቹ በበኩላቸው በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የነቢዩ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ተሰደው ነጃሺ እንደተቀበላቸው ከልጅነታቸው ይማራሉ። «ከሐበሻ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ» ሲባሉ ብዙዎቹ ይህን ራሳቸው ያነሡታል፤ ወሬው ከዚያ ቢጀመር ጠብ አይኖረውም።

መዘጋጀት ማለት በቃል መያዝ ነው። ስለ ጾም የሚመጣው ጥያቄ አይቀርምና ቁጥሩን ይወቁ፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ከዚያ ረቡዕና ዓርብ። ለምን ሲባል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ክርስቶስ ራሱ 40 ቀን ጾሟል፤ ሥጋችን እንዳያዝዘን እናስለምደዋለን፤ ያልበላነውን ለተራበ እንሰጣለን። ሦስተኛውን የሚናገር ሰው ግን ማድረግ አለበት፤ የሚሰጥ ሳይኖር የሚነገር ከሆነ አሠሪዋ ማዳም ከኛ ቀድማ ታውቃለች።

ማዳምን በተመለከተ፣ ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንት በፊት ይነገራት እንጂ ድስቱ ከተጣደ በኋላ አይሁን። «የናንተን ሥጋ እሠራለሁ፣ እኔ ግን አልቀምስም» ማለት ይበቃል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጨው ነው፤ ሳይቀመስ የተሠራ ወጥ ወይ አልጫ ይሆናል ወይ አይበላም። ስለዚህ በግምት መጨመር ይቅርና በማንኪያ ይለካ፤ ለአንድ ኪሎ ሩዝ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ወጡን ደግሞ እሷ እንድትቀምሰው መጠየቅ። ሌላው ጥፋት ሙቀት ውስጥ እስከ ማታ ሳይበሉ ሠርቶ መውደቅ ነው። የታመመና ከባድ ሥራ ያለበት ሰው የንስሐ አባቱን በስልክ ጠይቆ ሰዓቱን ያሳጥራል። ራሷን ስታ የወደቀች ሠራተኛ ያየ ቤት ጾምን የሚያስታውሰው በክፉ ነው።

ወደ አንኮበር መለስ እንበል፤ ምን እንደማይሠራ የሚያሳይ ታሪክ እዚያ አለ። ዮሐን ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ በ1839 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ቋንቋ አጠና፣ መጽሐፍ አደለ። በ1841 ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ሲመጣ አስተርጓሚ ሆነ፤ ንጉሡ የፈለጉት የጦር መሣሪያና የእጅ ሙያ ነበር፣ ሚሲዮናዊውም የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ ገባ። በ1842 ከወጣ በኋላ ወደ ሸዋ አልተመለሰም። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። ነገር ግን ቃሉ ከሌላ ጉዳይ ጋር በአንድ ጭነት መጣ፤ አድማጩም የፈለገውን ከጭነቱ መረጠ። ዛሬም ሥራ አስገኝቶ፣ ቤት ኪራይ ከፍሎ ወይም ገንዘብ አበድሮ በዚያው አፍ «ወደ እኛ ጉባኤ ና» የሚል ሰው ይህንኑ ይደግማል። ብድሩ ይለቅ፣ ቃሉ ሌላ ቀን ይምጣ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚያድሩ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ሐበሾችም ክርክሩን ለዕረፍት ቀን ያቆዩት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሥራ የሚነሣ ሰው የሚማረው ነገር የለም። በኢሞ በየሌሊቱ አሥር ስብከት የሚልክም እንዲሁ ነው፣ ድምፁ ይዘጋበታል።

ከንግግር ይልቅ ብዙ ሰው የሚያመጣው ጽዋ ማኅበር ነው፤ በዚህ ላይ ሰፋ እንበል። ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛ ቢሆን ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ከበዛ ሁለት ሁለት ሆኖ ማውጣት ነው። 24ን የመረጠ ማኅበር ቀኑ በፈረንጁ ወር መባቻ አካባቢ ይውልለታል፤ የሥራ ቀን ከሆነ ወደ ቀጣዩ እሑድ ይሻገር። ቄስ በሌለበት ቦታ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ፣ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ በአማርኛ አንብቦ ዳቦውን መቁረስ ይቻላል፤ የካህኑን ቡራኬ ግን ምእመን አይስጥ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ የሚጠበቅበት ትልቁ ሥራ አንድ ነው፦ በየወሩ ቢያንስ አንድ ሰው ከማኅበሩ ውጭ መጋበዝ። አዲስ የመጣ፣ ሥራ የፈታ፣ ሐዘን የደረሰበት። ማኅበር በራሱ ሰው ብቻ ከተዘጋ በሁለት ዓመት ውስጥ የዕቁብ ያህል ይቀራል።

ዳቦው ለ25 ሰው 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሊትር ከ200 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ፣ 20 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት ያህል ኩፍ እስኪል ይቀመጥ። የቤት ምድጃ ትንሽ ስለሆነ ለሁለት መጥበሻ ይከፈል፤ በ180 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። ብዙ ሰው እንደ አገር ቤት አንድ ትልቅ ድፎ ልድፋ ብሎ እሳቱን ያበዛል፤ ቅርፊቱ ይከስላል፣ መሀሉ ሊጥ ይቀራል። ኮባ በሌለበት የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ በአሉሚኒየም ወረቀት መሸፈን ቅርፊቱን ያድነዋል።

ጠላ ሳውዲና ኩዌት ውስጥ አይታሰብም፤ መጥመቁ ወንጀል ነው። ብርዝ አንድ እጅ ማር ለአምስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ በዕለቱ ይጠጣ፤ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ካደረ መፍላት ይጀምርና ሌላ ስም ያገኛል። ከበሮም አይመታ። ዕጣን ግን እዚያ ችግር የለበትም፣ እነሱም በየቤታቸው ያጨሳሉ።

ልጆች ላይ ፈጠን ብለን እንለፍ፤ ብዙ ተብሏልና። ትምህርት ቤት ምሳ ላይ «ለምን ሥጋ አትበላም?» የሚባለው ልጁ ነው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በሚማርበት ቋንቋ ያስጠኑት፣ አቡነ ዘበሰማያትንም ከግእዙ ጋር በዚያው ቋንቋ። የማይገባውን የሚደግም ልጅ ሲጠየቅ ያፍራል፣ ሲያፍር ማተቡን ይፈታል።

ዕጣን ችግር የሚፈጥረው በፈረንጅ አገር ነው። ኮርኒስ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ አንድ ጊዜ ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ በሌሊት ልብሱ ደረጃ ላይ ይወጣል፣ እሳት አደጋም ይመጣል። መሣሪያውን በላስቲክ መሸፈን በብዙ ቦታ ያስቀጣል። የሚሻለው ከሰሉን አሳንሶ መስኮት ሥር ማጨስ፣ ከዋዜማውም ጎረቤትን አንኳኩቶ መንገር ነው፦ «ነገ ከሰዓት ጭስ ቢሸትህ አትደንግጥ፣ ዕጣን ነው፤ የአንድ አባታችንን መታሰቢያ እናደርጋለን።» በማግስቱ ከዳቦው ቁራሽ በሳሕን ይድረሰው። ሳሕኑን ሊመልስ ሲመጣ ያ አባት ማን እንደነበሩ ይጠይቃል።