ደሴ ላይ የሠራሁት ሙዚቃ ማጫወቻ፦ መጀመሪያ መብራቱ፣ ከዚያ ድምፁ

ቤታችን ያሉት ካሴቶች ክራቸው እየሳሳ ነው። የቴፑ ላስቲክም ላልቶ ዘፈኑ ይጎተታል። ስለዚህ ካሴቶቹን ወደ ፋይል ገልብጬ፣ አባዬና እማዬ በስልካቸው እየመረጡ የሚያዳምጡበት ማጫወቻ ልሠራ ተነሳሁ። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ሳሎን ባለው ስፒከር የሚጫወት።

አሁን ተሠርቶ እየዘፈነ ነው። እንዴት እንደሠራሁትና የት የት እንዳስቸገረኝ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ስለ ድምፅ ጥራት ከመጨነቃችሁ በፊት መብራቱን አስተካክሉ። ከገጠሙኝ ችግሮች ብዙዎቹ ሲታዩ የሶፍትዌር ይመስላሉ። ምንጫቸው ግን ኤሌክትሪክ ነው።

ዕቃዎቹ ብዙ አይደሉም። መታወቂያ ካርድ የሚያክል ራስበሪ ፓይ 3 ኮምፒውተር፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ሙዚቃው የሚቀመጥበት ፍላሽ፣ ፒሲኤም 5102 የሚባል፣ የፋይሉን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ምልክት የሚቀይር ትንሽ የድምፅ መለወጫ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር እና ነባሮቹ ስፒከሮች። ፓዩ የራሱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፤ ግን ለሙዚቃ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ጸጥ ባለ ቦታ ላይ ሽሽታው ይሰማል። ማሲንቆ ለሚወድ ሰው ያ አይሆንም። በሶፍትዌር በኩል ሙድ ኦዲዮ የሚባለውን፣ በስልክ የሚታዘዝ ነፃ የሙዚቃ ማጫወቻ ጫንኩ።

ወደ መብራቱ ልግባ። ፓይ 3 የሚፈልገው 5 ቮልትና 2.5 አምፒር ነው። ቻርጀሩ ላይ እንደዚያ ተብሎ ቢጻፍም፣ ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ያኔ የሚታየው ነገር ግራ ያጋባል። ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆማል። ዋይፋዩ ይጠፋል። ፍላሹ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ አይታይም። ሰው ይሄን ሲያይ ሶፍትዌሩን ደጋግሞ ይጭናል። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ስከታተል ነገሩ ገባኝ። ቮልቱ ከ4.63 ሲወርድ ያቺ መብራት ትጠፋለች። ድምፁ ከፍ ሲል እሷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማጫወቻው ስክሪን ስለሌለው ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም። አጭርና ወፍራም ኬብል ስቀይር ዘፈኑ መቆራረጡን ተወ።

ሁለተኛው የመብራት ጣጣ መሄድ መምጣቱ ነው። ሚሞሪ ካርዱ እየተጻፈበት እያለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሎቹ ይበላሻሉ። በማግስቱ ፓዩ አይነሳም። ለዚህ መፍትሔ ያደረግኩት 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ባትሪው ሶኬት ላይ ካለ ቻርጀር ይሞላል፤ ከባትሪው ደግሞ አምፕሊፋየሩ በቀጥታ፣ ፓዩ በቮልት መቀነሻ በኩል ይመገባሉ። ፓዩ ሙዚቃ ሲያጫውት የሚበላው ከ3 ዋት ብዙም አይርቅም። የባትሪውን ግማሽ ብቻ ብንጠቀም እንኳ ለፓዩ ብቻውን ከ10 ሰዓት በላይ ይበቃል። አምፕሊፋየሩ እንደ ድምፁ ከፍታ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። መቀነሻውን ከፓዩ ጋር ሳታገናኙ በቴስተር ለኩ። መውጫው 5.1 ቮልት አካባቢ መሆኑን አይታችሁ ብቻ አገናኙ። 12 ቮልት በቀጥታ ከገባ ሰሌዳው አለቀለት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ፊውዝ አድርጉ፤ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ቤት ያቃጥላል።

ሚሞሪ ካርዱንም ከመጻፍ መጠበቅ ይቻላል። ሙዚቃው ሁሉ ፍላሹ ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ ሲስተሙ ብቻ ነው ያለው። ሁሉም በደንብ መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ ካርድ ላይም ያንኑ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አለ። ካርዱ ቢሞት ቀይሮ ማስነሳት ነው።

ቀጥሎ ድምፅ አልባው ድምፅ መለወጫ። ሦስት የምልክት ገመዶች አሉት፤ ጂፒአይኦ ከሚባሉት የፓዩ የምልክት እግሮች ከ18፣ ከ19 እና ከ21 ጋር ይገናኛሉ። ሰሌዳው ላይ በተራ ሲቆጠሩ እግር 12፣ 35 እና 40 ናቸው። ኮንፊግ በሚባለው ፋይል ወይም በሙድ ማስተካከያ ገጽ ላይ ሃይፋይቤሪ ዳክ የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ይሄን ሁሉ አድርጌ ግን ስልኩ ላይ ዘፈኑ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ስፒከሩ ግን ዝም።

ይሄኛው በጣም ያስተማረኝ ነው። ፓዩ ወደ መለወጫው ይልካል እንጂ መልስ አይቀበልም። መለወጫው ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ቢመስልም ስለ ገመዱ ምንም አይነግረንም። ገመዶቹን አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ የመለወጫውን ጀርባ ገለበጥኩት። ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። ኤስሲኬ የሚባለው እግር ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ) ጋር መያያዝ አለበት። ኤክስኤስኤምቲ የሚባለው ደግሞ ድምፅ መዝጊያ ነው፤ 3.3 ቮልት ካላገኘ ዝም ያሰኘዋል። አንዳንዱ ሰሌዳ ተበይዶ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። የእኔ ክፍት ነበር። ሁለቱንም በየድኩና ዘፈነ።

ይሄ መለወጫ የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ የለውም። ሶፍትዌሩ ላይ የሃርድዌር መቆጣጠሪያ ፈልጎ አለማግኘት ብልሽት አይደለም። እኛ በስልኩ ቋሚ አድርገነው በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ እንጨምራለን እንቀንሳለን። አባዬ ደስ የሚለውም ይሄው ነው፤ የሚዞር ነገር ይወዳል።

ድምፅ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሲርርር የሚል ጩኸት መጣ። ፓዩ ፋይል ሲያነብ ጩኸቱ ይለዋወጣል። ፓዩና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ባትሪ ስለሚመገቡ ግራውንዳቸው በሁለት መንገድ ተገናኝቷል፤ በመብራቱ ገመድና በድምፁ ገመድ። የፓዩ ሁካታ በድምፁ ገመድ በኩል ይዞራል። የመኪና ቴፕ የሚገጥሙ ሰዎች ይሄን ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል። በድምፁ ገመድ መሃል የሚገባ፣ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለው ሳጥን ይሸጣሉ። እሱን ሳስገባ ጩኸቱ ጠፋ። ምን ይባላል ብላችሁ አትጨነቁ፤ የሞተር ጩኸት ማጥፊያ ስጡኝ ብትሉ ይገባቸዋል።

ካሴት መቅዳቱን ከመጀመሬ በፊት ቴፑን አንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። “አብሽር፣ ይስተካከላል” አሉኝ። ላስቲኩን ቀየሩ፣ ክሩን የሚያነበውን “ሄድ” የሚባል ክፍል በአልኮል አጸዱ። ከዚያ ካሴት እያጫወቱ ከ“ሄድ” አጠገብ ያለችውን ብሎን በጣም በቀስታ አዞሩ። ደብዛዛ የነበረው ድምፅ ተከፈተ። “ሳይስተካከል ብትቀዳው ኖሮ፣ ደብዛዛውን ለዘላለም ታስቀምጠው ነበር” አሉ። እውነታቸውን ነው። በኋላ በኮምፒውተር የሚመለስ አይደለም። ፍጥነቱም እንደዚያው። ቴፑ እኩል ቢዘገይ ሁሉም ድምፅ አብሮ ስለሚወርድ ቅኝቱ አይለወጥም። ሲያወላውል ግን ማሲንቆው ያላለውን ይላል።

የቀዳሁት ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሳስቀምጠው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከድምፁ የሚጠፋ ነገር የለም።

ፍላክን የመረጥኩት በፊደላችንም ምክንያት ነው። ከሰው የተቀበልኳቸው አሮጌ ኤምፒ3 ፋይሎች ርእሳቸው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነበር የሚታየው። ኤምፒ3 ላይ የሚጻፈው መለያ የመጀመሪያው ስሪት ለርእስ የሚሰጠው 30 ባይት ነው፤ የታሰበውም ለላቲን ፊደል ነው። የዓለም ፊደሎችን ሁሉ በሚይዘው ዩቲኤፍ 8 በሚባል አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ፍላክ ግን ከጅምሩ ዩቲኤፍ 8 ነው። “ትዝታ” ብዬ ስጽፍ ስልኩ ላይ ትዝታ ይላል።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ዘፈኖቹን በዘፋኝ ብቻ መደርደር አልፈለግኩም። ወሎ ተወልዶ ሙዚቃን በቅኝት አለመለየት ይከብዳል። አምባሰልና ባቲ የሀገራችን ስሞች ናቸው። ስለዚህ “የሙዚቃ ዓይነት” የሚለው ቦታ ላይ ፖፕ ምናምን ከመጻፍ ይልቅ ቅኝቱን ጻፍኩ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሙድ በዓይነት ስለሚከፍል፣ አባዬ ስልኩን ከፍቶ አምባሰልን ሲነካ አምባሰሎቹ ብቻ ይመጣሉ። መለየቱን አብረን ሠራነው፤ እሱ ይሰማል፣ እኔ እጽፋለሁ። ያልተስማማንበትን “ያልተለየ” ብለን ተውነው። መንዙማውና በገናው ለየብቻቸው ናቸው። እኛ ቤት ረመዳን ሲገባም ፆም ሲገባም የሚሰማው ነገር ይለወጣል፤ የእማዬ ወገን እስላም፣ የአባዬ ወገን ክርስቲያን ነው። ሁለቱም እኩል በቀላሉ መገኘት አለባቸው።

አጻጻፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። “አንቺሆዬ” እና “አንቺ ሆዬ” ለማሽኑ ሁለት ዓይነት ናቸው። ፍለጋም ላይ እንዲሁ፤ “ፀሐይ” ብሎ የተመዘገበውን “ጸሀይ” ብሎ የጻፈ ሰው አያገኘውም። እማዬ ስልክ ላይ የሚቀርባትን ፊደል ነው የምትነካው። ስለዚህ ርእሶቹን ሁሉ በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ አደረግኳቸው። “ሠርግ” የሚለውን “ሰርግ” ብሎ መጻፍ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ግን የማይገኝ ዘፈን እንደሌለ ይቆጠራል። ትክክለኛውን አጻጻፍ ፋይሉ ስም ላይ ጠበቅኩት።

ስልኮቹን ማገናኘት ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ማጫወቻውን በስሙ አያገኙትም። በቁጥር አድራሻው ግቡ። ራውተሩ ቁጥሩን እንዳይቀያይር ለፓዩ ቋሚ ቁጥር ስጡት። ከዚያ አድራሻውን የስልኩ ፊት ገጽ ላይ አስቀምጡላቸው።

ደሴ ብርድ ስለሆነች ፓዩን ለማቀዝቀዝ ምንም አላደረግኩም። ባቲ ላለው የአክስቴ ልጅ ተመሳሳዩን እየሠራሁለት ነው። እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ፓዩ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። ለእሱ ማቀዝቀዣ ብረት እጨምርበታለሁ፣ ሳጥኑንም ቀዳዳ ያለው አደርገዋለሁ። ፍላሹ ላይ የካሴቶቹን ሙሉ ቅጂ እሰጠዋለሁ፤ እኛ ቤት ያለው አንድ ነገር ቢሆን እዚያ ይገኛል።