ባትሪው ደህና፣ መኪናው ጭጭ

ባለፈው የፍሬን ሸራ ስቀይር የገጠመኝን ነግሬያችሁ ነበር። የዛሬው ትንሽ ያሳፍራል። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ የለፋሁት ያለ ቦታው ነው።

መኪናዬ አሮጌ ማንዋል ኮሮላ ነው። አንድ ማክሰኞ ፖስታ ቤት አካባቢ አቁሜው ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ቁልፍ ሳዞር አንዴ «ቀጭ» አለና ዝም። ደገምኩት። ቀጭ። ዝም። ዳሽቦርዱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ክላክሱም ይጮሃል። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው፤ የአዳማን የሰባት ተኩል ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። ሁለት የባጃጅ ልጆች ሳልጠራቸው መጥተው ከኋላ ያዙልኝ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ሲንደረደር ለቀቅኩት። ተነሳ። አንደኛው ልጅ «ባትሪህ ሞቷል ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ። እኛ ሀገር መኪና አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚታማው ባትሪ ነው።

የእኔ ግን ከተገዛ አራት ወሩ ነው። ማታ በቴስተር ለካሁት፤ 12.6 ቮልት። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ በእረፍት ላይ ሲሆን የሚያሳየው እዚያው ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በግፊ ከተነሳ ቤንዚኑም ካንዴላውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ጣጣው ያለው ሞተሩን ለማዞር ከረንት በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። እኔ ግን አንድ ቪዲዮ ላይ የማሳ ሽቦ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከቦዲው ብረት ጋር የሚያገናኘው) ዝጎ አይቼ ስለነበር፣ ሳልለካ ቅዳሜ ሙሉ ማሳ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ። የባትሪውን ተርሚናል፣ ከሞተሩ ጋር የሚታሰረውን፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን። መኪናው በአንዴ ተነሳ! ሦስት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም ሰፈር ውስጥ ጉራዬን ነፋሁ።

በአራተኛው ቀን ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ላይ ቀጭ።

ከዚያ በኋላ የማቆመው ቁልቁለት እየፈለግኩ ሆነ። መሐል ከተማ ደግሞ ሜዳ ነው። ቡና ልጠጣ ወጥቼ ተዳፋት ፍለጋ ሁለት ብሎክ የዞርኩበት ቀን አለ።

በሚቀጥለው እሁድ በሥርዓቱ ለካሁ። መኪናውን ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ባለቤቴ መሪው ላይ፣ እኔ ኮፈኑ ሥር። «ላዙር?» «አዙሪ!» ቀጭ። መጀመሪያ የለካሁት ባትሪውን ራሱን ነው፤ ቁልፉ እየዞረ 12.3። ገረመኝ። ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) በትክክል ሲሠራ ብዙ ከረንት ስለሚጎትት ባትሪው ወደ 10 ወይም 11 ቮልት መውረድ አለበት። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ይባላል። የእኔ ግን ምንም አልከበደውም፤ ሸክሙ ጭራሽ አልደረሰውም ማለት ነው። (ቴስተር የሌላችሁ የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፍ አዙሩ። መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪውን ወይም ተርሚናሉን ጠርጥሩ። ሳይለወጥ «ቀጭ» ብቻ ካለ እንደኔው ናችሁ።)

ማሳውንም ለካሁ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት፣ ቁልፉ እየዞረ፣ ዜሮ ገደማ። ደስ አለኝ፤ ግን ውጤቱ ብዙ አይናገርም። ብዙ ከረንት ካላለፈበት የተበላ ሽቦም ደህና ይመስላል። ይሄን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጉዳዩን የቆረጠው የመጨረሻው ልኬት ነው። ሞተሪኖው ላይ ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች አሉ። አንዱ ላይ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ይታሰራል፤ ከሌላው ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባ አጭር ሽቦ ይወጣል። «አዙሪ!» አንደኛው ላይ 12.3። «እንደገና!» ሁለተኛው ላይ ዜሮ ምናምን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው፣ ቁልፍ ሲዞር ከረንቱን የሚያገናኘው ማብሪያ) ውስጥ ያለው መዳብ ነው። ቀጭ የሚለው እሱ ሲገፋ ነው። ይገፋል፣ ግን አይነካም።

ባትሪውን ፈታሁ፤ ኔጌቲቩን መጀመሪያ። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ቁልፍ ቢነቀልም ከረንት አለበት፤ መፍቻ ብረት ካስነካችሁ እሳት ነው። ሞተሪኖውን ለማውረድ ሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ የታችኛው ግን ከሰዓት በኋላዬን ወሰደው። የሶሌኖይዱን ክዳን ስከፍት ጥቁር የመዳብ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ። ውስጥ ሁለት መዳቦች አሉ፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ የሚገፋው ክብ መዳብ። አንደኛው መዳብ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤ ሌላው ብዙም አልተጎዳም። ስለዚህ ክቡ መዳብ አንዱን ይነካል፣ ሌላውጋ አይደርስም። አንዳንዴ ዘመም ሲል ይደርሳል። የሦስቱ ቀን ተአምር ይሄ ነበር እንጂ ብርጭቆ ወረቀቴ አልነበረም።

ሞተሪኖ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። ገና ሳልናገር በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩና «የቶዮታ ነው፤ ይሄ መዳብ ያልቅበታል» አሉኝ። ሙሉ ሞተሪኖ እንድቀይር የመከረኝ ሰው ነበር፤ እሳቸው ግን መዳቦቹን ብቻ ሸጡልኝ። ካርቦኑንም (ከረንቱን ወደሚዞረው የሞተሪኖ ክፍል የሚያስተላልፈውን) አይተው «ገና ነው» አሉ። ስገጥም ትንሿን ሞላ ጥዬ ሩብ ሰዓት መሬት ላይ ስፈልግ ነበር፤ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩ።

ከተገጠመ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። አንዴም አልከዳኝም። ሞተሪኖው ወርዶ ሳለ ግን ከኋላው የዘይት ርጥበት አይቻለሁ፤ ከላይ ከሞተሩ ክዳን ጋስኬት የሚወርድ ይመስለኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለእሱ ነው።