ሽቦው እምቢ አለ፣ ፎይሉ ዘለለ

የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ እንደሚገፋ በቃሌ አውቅ ነበር። ቀመሩንም እንደዚያው ሸምድጄዋለሁ። ሲገፋ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን የፈረስ ኮቴ የሚመስል ማግኔት አገኘሁና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በሁለቱ ዋልታዎች መሃል ላላ አድርጌ አጋደምኩ። ጫፎቹን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አነካካሁ። ንቅንቅ የለም! ድንጋዩ ያለቀ መስሎኝ ቀየርኩት፤ ያው ነው።

ያኔ ነው መጀመሪያ ማስላት የነበረብኝን ያሰላሁት። መስኩ 0.05 ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው)፣ ጅረቱ 2 አምፔር፣ መስኩ ውስጥ ያለው የሽቦ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ነው ብዬ ብገምት፣ ሦስቱ ሲባዙ 0.004 ኒውተን ኃይል ይመጣል። ይህ የሚያነሳው ቢበዛ 0.4 ግራም ገደማ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ሽቦዬ ደግሞ 0.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለካ ኃይሉ ነበረ፣ ሽቦው ከበደው እንጂ።

ከአሉሚኒየም ፎይል 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቀደድኩ። ክብደቱ 0.04 ግራም ቢሆን ነው። ገና ሳነካካው ዘሎ ተነሳ፤ እኔም አብሬው።

ችግሩ፣ ወረቀት ላይ ወደ ታች ይሄዳል ብዬ ጽፌ ነበር። በቀኝ እጄ ነበር የገመትኩት! ቀኝ እጅ ሽቦው ራሱ በዙሪያው የሚፈጥረውን መስክ ለማወቅ ነው። ለግፊያው የፍሌሚንግ የግራ እጅ ሕግ ነው የሚሰራው፦ አመልካች ጣት መስኩን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የመሃል ጣት ጅረቱን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ፣ አውራ ጣት ኃይሉን። አሁን ፈተና ላይ መጀመሪያ ቀኝ እጄን ቂጤ ስር አድርጌ ነው የምጀምረው።

ፎይሉን ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው፣ ማለትም በመስኩ አቅጣጫ፣ ሳስተኛው ደግሞ ጭራሽ ሞተ። ቀመሩ ውስጥ ያለችው የአንግሉ ሳይን፣ ሽቦውና መስኩ አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ዜሮ የምትሆነው፣ ሁሌ ረስቼ የምዘላት፣ ለካ ይህን ነበር የምትለው።

እ.ኤ.አ. በ1820 የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ኤርስቴድ ጅረት ባለበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አይቷል። እዚያ ቀላሏ ማግኔቷ ስለነበረች እሷ ዞረች፤ እኔ ጋ ተራው የፎይሉ ሆነ።

ድንጋዩን ገልብጬ ሳነካካ ፎይሉ ወደ ታች፣ መልሼ ስገለብጠው ወደ ላይ። ስፒከርም ሥራው ይኸው ነው፣ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ መሆኑ ነው እንጂ። ከሞከራችሁት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፤ ድንጋዩ ይግላል፣ እኔ ጣቴን ለብልቦኛል።