641 ከየት መጣ? ከ4,294,967,297 ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ

ሰሞኑን ደብተሬን የሞላው 4,294,967,297 ነው። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ ታገኙታላችሁ።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን ተመለከተ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ 1 ቀንሶ፣ በራሱ አባዝቶ፣ መልሶ 1 መጨመር ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኙት የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) ናቸው፤ ቀጣዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። በ1732 ግን ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ስድስተኛው፣ ማለትም የኛው ቁጥር፣ ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

ግን 641ን ከየት አመጣው? ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሮ እያነሱ መሞከር እጅ ያዝላል። ደስ የሚለው ነገር፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ የ128 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት። (ኦይለር የሠራው በ64 ነበር፤ ወደ 128 ያሻሻለው በኋላ የመጣው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ነው።) ስለዚህ ተራ በተራ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እንላለን። 129 እና 513 ለ3 ይካፈላሉ፣ 385 ደግሞ ለ5፤ 3 እና 5 ራሳቸው ይህን ማጣሪያ ስለማያልፉ ይውጡ። 257 ራሱ የፌርማ ቁጥር ነው፤ ሁለት የፌርማ ቁጥሮች ደግሞ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። እሱም ይውጣ። ወዲያው 641 ላይ ደረስን!

ለማረጋገጥ ረጅሙን ማካፈል ተዉት። ቁጥራችን 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 የተጨመረበት ስለሆነ በቀሪው ብቻ መሥራት ይበቃል። 65,536 ለ641 ሲካፈል ቀሪው 154 ነው። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716፤ 1 ሲጨመር 23,717። ይህ ደግሞ ልክ 641 × 37 ነው። አለቀ። ይቺን ስሌት ስጨርስ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ቁጥራችን ለ641 ሲካፈል የሚገኘው 6,700,417 ነው። እሱስ ብቸኛ ነው? ስኩዌር ሩቱ 2,588 አካባቢ ስለሆነ፣ ያው ማጣሪያ የሚተውልን 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409ን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 ወጡ። አዎ፣ ብቸኛ ነው። አራት ማካፈል ለሰባት አሃዝ ቁጥር!

አሁን ወደ ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር ገብቻለሁ፤ 20 አሃዝ አለው። በ1880 ላንድሪ የተባለ የሒሳብ ሰው ያገኘለት አካፋይ 274,177 ነው። በዚያው ዘዴ ሞከርኩት፦ 4,294,967,296 ላይ 15,409 ብንጨምር የ274,177 ብዜት ይሆናል። 15,409 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመር ደግሞ ልክ 274,177 × 866 ይሰጣል። የቀረኝ ሌላኛው አካፋይ፣ 67,280,421,310,721 ነው። እሱን በእጅ ብቸኛ መሆኑን የምናሳይበት አጭር መንገድ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አካፍሉኝ።