የወለቀው ጥርስ ይመለስ ወይስ ይቅር?

ባለቤቴ እስካሁን አልተዋጠለትም። «ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብለሽ ነው ልጁን ያሰቃየሽው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም ባይ ነኝ። በየጊዜው ስለሚነሳ ነገሩን ሳልረሳው ልጻፈው።

ልጃችን 9 ዓመቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ሲነዳ ኮብልስቶኑ ላይ በአፉ ተደፋ። መጀመሪያ ደሙን ሳይ ከንፈሩ ብቻ የተተረተረ መስሎኝ ነበር። አፉን ሲከፍት ከላይ ካሉት ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች ግራው የለም፤ ከነሥሩ ወልቋል። የሰፈር ልጆች ተሯሩጠው ከድንጋዮቹ መሃል ፈልገው አመጡልኝ፣ ይባረኩ።

አንዷ ጎረቤቴ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ጣሪያ ላይ ወርውሪው፣ ይበቅላል» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ሁላችንም የወተት ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ እየወረወርን ነው ያደግነው። ይሄ ግን የወተት ጥርስ አይደለም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች 7 እና 8 ዓመት አካባቢ አንዴ ከበቀሉ በቃ፣ ተተኪ የላቸውም። የወተት ጥርስ ቢሆንማ ኖሮ ጭራሽ አይመለስም፤ ከበላዩ ድድ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል።

የአክስቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ናት። ስደውልላት ሰላምታም አልጠበቀችም። «ነጩን በኩል ያዢው፣ ሥሩን እንዳትነኪው፣ እንዳትፈትጊው። ቆሻሻ ካለው በወተት ለቅለቅ አድርጊውና አሁኑኑ ቦታው መልሰሽ አስገቢው፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ አስነክሺው» አለችኝ። ልጁ ግን አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ ማን ሊያስከፍተው! «እሺ፣ እንግዲያው ወተት ውስጥ ይሁን። ውሃ ውስጥ እንዳታደርጊው፣ በሶፍትም እንዳትጠቀልይው።»

ወተት ከየት ይምጣ? ሁዳዴ ነው። ፍሪጃችን ውስጥ ያለው የምስር ወጥና ተልባ ነው። ትልቋ ልጄ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ሮጣ በብርጭቆ ወተት ይዛ መጣች።

ወተቱ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ለአፍታ አየሁት። ከድድ ውጭ የምናየው ነጩ ክፍል ከጠቅላላው ጥርስ ትንሽ ነው ለካ። ሥሩ ረዘም ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ላዩ ላይ ስስ ቀላ ያለ ነገር የተለጣጠፈበት ነው። እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ነበር። ለካ ጨዋታው ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ቅሪት ነው፣ ሕይወት ያላቸው ሴሎች አሉበት። አየር ላይ ሲደርቁ ቶሎ ይሞታሉ፤ 30 ደቂቃ ካለፈ ብዙዎቹ ያልቃሉ፣ አንድ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ተስፋ የለም ማለት ይቻላል። ውሃም ይገድላቸዋል። ወተት ግን ለጥቂት ሰዓት ያቆያቸዋል።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስንት ደቂቃ ደርቆ እንደቆየ ነው። ከግማሽ ሰዓት በታች ነበር። ራጅ አነሳውና ልጁን ውጭ አስቀምጦ አነጋገረን። ቃል አልገባልንም። ጅማቱ ካገገመ ጥሩ ነው። የጥርሱ ነርቭ ከሞተ ሩት ካናል ይሠራለታል፣ ማለትም የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ ይሞላል። ጅማቱ ካላገገመ ደግሞ ጥርሱ ከመንጋጋው አጥንት ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ አጥንቱ ሥሩን ቀስ በቀስ እየበላ በዓመታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ልጅ እያደገ ስለሆነ ሌሎቹ ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር አብረው ወደ ታች ሲወርዱ የተጣበቀው ባለበት ይቀራል፣ አጥሮ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ባለቤቴ «በቃ፣ ይቅር። ሲያድግ ሰው ሠራሽ ጥርስ በኢምፕላንት ይተከልለታል» ያለው። እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። መርፌው አለ፣ ወጪው አለ፣ ለዓመታት የሚቆይ ቀጠሮ አለ፣ ያውም ለማያስተማምን ነገር። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ከሱ ጋር ነበርኩ።

ሐሳቤን የቀየረው የኢምፕላንቱ ነገር ነው። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚታሰር ብሎን ነው፤ መንጋጋ ሲያድግ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ዕድገት እስኪያልቅ፣ 20 ዓመት አካባቢ እስኪሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት። እስከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ሊሆን ነው! በዚያ ሁሉ ጊዜ ባዶ የቀረው ቦታ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ በኋላ ኢምፕላንቱን ራሱ ለማስገባት ያስቸግራል። ጥርሱ ካለ ግን አጥንቱን ይዞ ያቆያል። ቢጣበቅ እንኳ ጊዜው ሲደርስ ከላይ የሚታየውን ቆርጦ ሥሩን ድድ ውስጥ መተው ይቻላል፣ አጥንቱ እንዳይጎድል።

ያኔ «ዕድሜ ልኩን ይቆይለታል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። ጥርሱን ከመለስነው በኋላ አልሆነም ብሎ ማውጣት ይቻላል። ዛሬ ትተነው ከሄድን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሐሳባችንን ብንቀይር የምንመልሰው ነገር የለም። ለባለቤቴ ይሄንኑ ነገርኩት። ዝም አለ። እሺ ማለቱ ይሁን መናደዱ አላወቅኩም።

ሐኪሙ ግን ልጁን ሳይጠይቅ መጀመር አልፈለገም፤ እውነት ለመናገር እኛ ልንጠይቀው አላሰብንም ነበር። አስገባውና ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ፣ መርፌው ትንሽ እንደሚያም ሳይደብቅ፣ ምን እንደሚያደርግ ነገረው። ልጁ በአበጠ ከንፈሩ «ሽቦው ይታያል?» አለ። «ትንሽ» አለው። «እሺ» አለ።

ሥራው ከክርክሩ አጠረ። አደነዘዘው፣ ቦታውን በሳላይን (በጨው ውሃ) አጠበ፣ ጥርሱን በጣቱ ቀስ አድርጎ ገፋው፣ ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር አያያዘው። ሽቦው ለሁለት ሳምንት ነው፣ ሆን ተብሎም ልል ነው፤ ድርቅ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ከታሰረ የመጣበቅ ዕድሉ ይጨምራል። የቴታነስ ክትባቱን ጠየቀን፣ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ አዘዘ። ለስላሳ ምግብ ይብላ፣ እርጎም ጥሩ ነው ሲል ልጄ በዚያ በደነዘዘ አፉ «ጾም ነው» ብሎ መለሰለት። ሐኪሙ ሳቀ። አጥሚትና ሽሮ ፍትፍት ሆነ ቀለቡ።

አሁን ሽቦው ወጥቷል። ሩት ካናል ገና አልተሠራለትም፤ በዚህ ዕድሜ የሥሩ ጫፍ ገና ክፍት ስለሆነ ደም ሥር ተመልሶ የመግባት ዕድል አለው፣ ስለዚህ በራጅ እየተከታተሉ ይጠብቃሉ፣ መጥፎ ምልክት ካዩ ግን ወዲያው ይሠራሉ። በየቀጠሮው ሐኪሙ በመስታወቱ እጀታ ጥርሱን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን። ከአጥንት ጋር የተጣበቀ ጥርስ እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል አሉ። እስካሁን የሁለቱም ድምፅ አንድ ነው። «ገና ነው፣ አትቸኩሉ» ይለናል።

ባለቤቴ «12 ዓመት እስኪሞላው ከቆየ ተሸነፍኩልሽ» ብሏል። ይሁን። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ግን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው፣ እኔ የዓመት ፈቃዴን ጨርሻለሁ።