ስንት ነው?

ደሴ፣ ጥቅምት 2018

ዛሬ ጠዋት ለአንድ ሥዕል የሰው ሒሳብ ከፈልኩ።

ቁመቱ 80፣ ወርዱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ መናኸሪያ ደረስኩ። የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔን ሳይሆን ዕቃውን። "እህት፣ ይሄ ላይ ይጫን" አለ። ላይ አይጫንም አልኩት። "እንግዲያው ሁለት ሰው ነሽ።" ተከራከርኩ፣ አልሆነም። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ "ምን ይዘሽ ነው ልጄ፣ መስታወት ነው?" አሉኝ።

"ሥዕል ነው አባባ።"

"የምን ሥዕል?"

"የጦሳ ተራራ።"

"ጦሳማ እዚሁ ቆሞ የለም እንዴ! ምን ተሸክመሽው ትዞሪያለሽ?"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ የሁለት ሰው ከፈልኩ። ጦሳ ከጎኔ ወንበር ይዞ ተቀመጠና የሐረጎን ቁልቁለት አብረን ወረድን።

ሥዕሉን ያዘዘችኝ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ሆቴል ያላት ሴት ናት። ልጅነቷ ደሴ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ጦሳን በማለዳ ጉም እንደተሸፈነ ማየት ፈለገች። ሐምሌ ላይ ቢሮዋ ተቀምጠን "ስንት ነው?" ስትለኝ "28 ሺ ብር፣ ግማሹ ቀብድ" አልኳት። ሳልስቅ፣ ሳልሽኮረመም፣ "አንቺ እንደመሰለሽ" ሳልል። በልቤ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማለት አሥራ ሁለት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ በ2006 ወደ ደሴ ስመለስ፣ ችግሬ ሥራ ማጣት ይሆናል ብዬ ነበር የፈራሁት። ሥራስ አላጣሁም። ሰው ሁሉ ያዘኛል። የጠፋው ክፍያው ነው። የሰፈር ሰው ይመጣል፣ "የእናቴን ፎቶ በትልቁ ሳይልኝ" ይላል። "ስንት ነው?" ሲለኝ "ያው እንደ ዘመድ" እላለሁ። እንደ ዘመድ የተባለ ዋጋ ደግሞ ዜሮ ነው። አንዱ ማር አመጣልኝ። አንዷ ጎረቤታችን ዘጠኝ ቀን ለፈጀ የሙሽሮች ምስል ቤቷ ጠርታ ዶሮ አበላችኝ፣ መርቃም ሸኘችኝ። ዶሮው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ያን የመሰለ በልቼ አላውቅም። ቀለሙን ግን በዱቤ ነበር የገዛሁት።

ስስታም ሕዝብ መሀል ብወለድ ኖሮ ይቀለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ስስታም ሰው ይከራከርሻል፣ አንቺም ትከራከሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል። እኛ አገር ግን ዝነኛው ሕንፃ ራሱ የግብር አዳራሽ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ። ስሙን እዩት። ማንም ሳይጠየፍ ሊበላበት የተሠራ ቤት። በልጅነቴ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አያቴ "እዚህ ስንቱ ጠግቧል" ይሉኝ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ የቀለም ሒሳብ አውጥቶ ለጎረቤት መንገር እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ድሮ ባለ ማሲንቆውም ሥዕል የሚሥለውም ከጌታ ቤት ግብር ይበላል፣ ይሸለማል፣ ያድራል። ዋጋ መጥራት አያስፈልገውም፤ ጌታው ያውቅለታል። እኔ ልማዱን ወርሼ ጌታውን አላገኘሁም። ምርቃቱ እንዳለ ቀርቶ ግብሩ ተቋርጧል።

ቀብድ ያስተማረኝ ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛዬ ነው። በጥርና በሚያዝያ ሰርግ አያርፍም። አንድ ቀን ስልክ ሲያነሳ አጠገቡ ነበርኩ። "ጋሼ፣ ደስ ይለኛል፤ ቀብዱን ላኩልኝና ቀኑን እይዝልዎታለሁ" አለ። አክብሮት አለው፣ ቀልድም አለው፣ ቁጥርም አለው። ሰውየው አልተቀየሙም። ስልኩን ሲዘጋ "አታፍርም?" አልኩት። "ድንኳን አከራዩ ቀብድ ይቀበላል፣ በሬ ሻጩ ይቀበላል። እኔ ከበሬው አንሼ ነው?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ገጽ። የፍሬም እንጨትና የአናጢ፣ አቡጀዴ፣ ኮላ፣ ቀለም፣ ትራንስፖርት፣ የሠራሁበት ቀን። የቀኑን ዋጋ መጻፍ በጣም ነው የከበደኝ። የራሴን ቀን ስንት ልበለው? መጀመሪያ የአንድ ግንበኛ የቀን ሒሳብ ጻፍኩ። ይሄ ብልጠት አይደለም፣ መነሻ ስለሌለኝ ነው። እሱንም ጽፌ ስደምረው ለሁለት ዓመት የሸጥኳቸው ሥዕሎች በሙሉ ከስረው አገኘኋቸው። ማለት እኔ ነበርኩ ለገዢዎቹ የምከፍላቸው።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የምንጠቀመው ቱቦ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ሰሞን ነጭ ቀለም ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ነጭ ደግሞ ለእኔ እንደ ጨው ነው። የደሴን ጉም ያለ ነጭ አትሥይውም። ለሦስት ወር ያህል ጉም የሌለበት ሥዕል ሠራሁ፤ ሰው "ስታይል ቀየርሽ?" ይለኛል። ኪሴ ነው የቀየረው።

አዲስ አበባ ያሉ የክፍል ጓደኞቼ "ታፔላ ሠሪ ሆነሽ ቀረሽ" ብለው ያሾፉብኛል። ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ አልዋሽም። ግን ባለፈው ዓመት ደብተሬን ስቆጥር የሸጥኩት ሥዕል ሰባት ነው። ሲሶ ገቢዬ ብቻ ነው ከሸራ የመጣው። የቀረውን ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው አሥራ አራት ልጆች፣ የሰርግ ምስልና የግድግዳ ጽሑፍ ናቸው የሸፈኑት። ባነር ማተሚያ ሲመጣ የታፔላ ሥራ አለቀለት ብለን ነበር። የካፌ ባለቤቶች ግን ባነሩ በፀሐይ ሲነጣ ተመልሰው በእጅ የተጻፈ ፊደል ፈለጉ። አንዳንድ ሙስሊም ደንበኞቼ ደግሞ ቤታቸው የሰው ምስል እንዲሰቀል አይፈልጉም። ስለዚህ የልጆቻቸውን ስም በሐረግ ጌጥ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ። ሐረጉን ሳጠና ነው የራሴን የመስመር አጣጣል ያገኘሁት። ጦሳን የሣልኩበት ብሩሽ መጀመሪያ የተፈታው ስም ሲጽፍ ነው።

ክረምት ሌላ ጣጣ ነው። ሰርግ የለም፣ ልጆቹ ይበተናሉ። በዚያ ላይ ሥራው ራሱ አይደርቅም። የዘይት ቀለም እንደ ልብስ ውሃው ተኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ቀስ እያለ ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። ብርድ ሲሆን ይለግማል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፣ ግን ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሸራዬን ወደ ሙቀቱ አወርደዋለሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ናት፣ ሳሎኗ የእኔ ማድረቂያ ነው። ባሏ ነሐሴን በሙሉ ሶፋው ላይ ሳይደገፍ ከረመ። (እግዜር ይስጠው። በዚህ ዓመት የእሱን ምስል በነፃ እሠራለሁ፣ እሱን ደብተር ውስጥ አላስገባም።) ለክረምት ብሩ ደግሞ ዕቁብ አለኝ። ዕጣው በመስከረም ከወጣልኝ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሬ ወደ ሐምሌ አሻግረዋለሁ። ሰው ቀድሞ መብላት ስለሚፈልግ የሚቀይረኝ አጥቼ አላውቅም።

ስለ ወረቀት ጉዳይም ላንሳ፣ ብዙ ስላስከፈለኝ። በ2012 አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በ12 ሺ ብር ሠራሁ። ሊከፍሉኝ ሲሉ "ቲን አለሽ?" አሉኝ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለታቸው ነው። የለኝም። በጊዜው ሕግ ቲን ላለው ከክፍያው ለግብር 2 በመቶ ብቻ ነው የሚቀነሰው፤ ለሌለው 30 በመቶ። 3,600 ብሬ እዚያው ቀረ። ተናድጄ ወጣሁ፣ ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሳምንቱ ገቢዎች ሄጄ ቲን አወጣሁ።

የካላንደሩ ነገር ግን የእኔ ጥፋት አልነበረም። አንድ ማተሚያ ቤት ለደንበኛ የሸጥኩትን የገበያ ሥዕል ፎቶ አንስቶ የዓመት መቁጠሪያ አደረገው። ስሜ የለበትም። ሄጄ ስጠይቅ "ደግ ሠራን እኮ፣ አስተዋወቅንሽ" አሉኝ። ያለ ስም እንዴት እንደሚተዋወቅ አልገባኝም። የስቱዲዮዬ አከራይ ሐጂ ሰሙና ሽምግልና ገቡ። መጀመሪያ "ተይው ልጄ፣ የሰፈር ሰው ነው" አሉኝ። እኔ ግን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ አነበብኩላቸው። ሥዕሉ ቢሸጥ እንኳ የማባዛት መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ የሠዓሊው ነው፤ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን ቀረብ አርገው አዩት። "ሃምሳ ዓመት? ከሞትሽ በኋላ?" "አዎ ሐጂ።" "እንግዲያው ይሄ እንደ ርስት ነው" አሉና ወደ ማተሚያ ቤቱ ባለቤት ዞሩ። "የሰው ርስት አርሰሃል፣ ክፈል።" ብዙ አልከፈለም። ከፈለ ግን። ሐጂም ከዚያ ወዲህ የስቱዲዮ ኪራይ ሲቀበሉኝ "ባለ ርስቷ፣ አብሽሪ" ይሉኛል።

አንድ ነገር ዘልዬ ነበር። ጥቅምት 2014 ማለቂያ ላይ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ሸሸን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነፃ ወጥታ ስንመለስ የስቱዲዮው በር ተከፍቶ ነበር። ሸራዎቹ መሬት ላይ ተጥለዋል፣ ፍሬሞቹ ተማግደዋል። የአምስት ዓመት እንጨት። ሰው ልጁን አጥቶ፣ የከተማው ሙዚየም ተዘርፎ ስለ ሸራ ማልቀስ አፈርኩ። ለማንም ሳልናገር ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው። አሁንም ከአልጋዬ ሥር ናቸው። ዋጋ አላወጣሁላቸውም፣ አላወጣምም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። የሆቴሉ ባለቤት አንሶላውን ራሷ ፈታችው። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጥግ ጠጋ አለችና "ይቺ የኛ ሰፈር ናት?" አለችኝ፤ ከጉሙ ሥር በሦስት ጠብታ ቀለም ያደረግኳትን ቆርቆሮ ቤት እያሳየች። የማንም ቤት ብዬ አልነበረም የሠራሁት። "ናት" አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ "እንዲያው ትንሽ አትቀንሺልኝም?" አለች። የድሮዋ እኔ እዚያች ጋ "ኧረ ተዪው ቀሪውን" ትል ነበር። ስለ እንባዋ፣ ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ቡናው። ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። አልተቆጣሁም፣ አላብራራሁም፣ ዝም ብቻ። እሷም ሳቀችና ስልኳን አነሳች። 14 ሺው በቴሌብር ገባ። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ "ብር አልያዝኩም፣ ሌላ ቀን ነይ" የሚባል ነገር ቀንሶልኛል።

ስመለስ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ያው የጠዋቱ ረዳት ነው። "ጦሳን ሸጥሽው?" አለኝ። ሸጥኩት አልኩት። "በስንት?" ነገርኩት። አፉን ያዘ። "ወላሂ አሁን ገና ሁለት ሰው ነሽ!"

ሐረጎን ወጥተን ብርዱ ሲቀበለን ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ልጇ ጥር ላይ ልታገባ ነው። የሙሽሮቹን ምስል በትልቁ፣ በዘይት ቀለም፣ ድንኳን መግቢያው ላይ እንዲቆም ትፈልጋለች። "ያሳደግኳት እህትሽ ናት፣ ከአንቺ ሌላ ማን ይሠራልኛል፣ ስንት ነው እንዳትዪኝ ብቻ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሺ አክስቴ፣ ማታ እደውልልሻለሁ አልኳት።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አዲስ ገጽ ከፍቼ ፍሬሙን፣ ጨርቁን፣ ቀለሙን ጽፌያለሁ። የቀኑን ሒሳብ ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እስካሁን አልደወልኩላትም።