አፍ ያወጣ ሣጥን

አስተያየት መስጫ ሣጥን የሌለው መሥሪያ ቤት የለም፤ የሣጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? ተማሪም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ላይብረሪ በር ላይ የተሰቀለውን ሣጥን የማስቲካ ወረቀት ይጥልበታል። የማይጽፈው ዓይን አፍሮ አይደለም። የተጻፈ ነገር መልስ ሲያገኝ አይቶ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ጥያቄ ተቀብሎ እየቀለደ የሚመልስ ሣጥን ለማቆም ያሰባችሁ የላይብረሪ ሠራተኞችና የክበብ ልጆች፣ ሣጥኑን ከማሠራታችሁ በፊት መልሱ የሚለጠፍበትን ሰሌዳ አሠሩ።

ሌላ አገር የቆየ ነገር ነው። አሜሪካ ቦስተን ኮሌጅ፣ ኦኒል በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪ ጥያቄውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ግድግዳውም «እኔ ግድግዳው» እያለ ይመልሳል። ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማንኛውንም ጥያቄ በ100 ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን ብለው የጀመሩት ሰሌዳ ነበራቸው። ከመጀመሪያው ገጸ ባሕርዩን፣ ከሁለተኛው የጊዜ ገደቡን መውሰድ ነው። ሌላው እዚሁ የሚሠራ ነው።

ሣጥኑ 30 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የጉሮሮው፣ ማለትም ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ፣ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንድ ኤፎር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ እያንዳንዱ 10.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ስላለው አንዴ ታጥፎ ዘና ብሎ ይገባል። ከዚያ በላይ ከሰፋ በእንጨትና በማስቲካ ወረቀቱን አጥምዶ የሚያወጣ አይጠፋም። አናጢው ከጉሮሮው ሥር ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ ቁራጭ ጣውላ ቢመታበት ጭራሽ አይቻልም። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ነውና 2,000 ጥያቄ ይወጣዋል፤ ማተሚያ ቤት በመቁረጫ አንድ ጊዜ ያስቆርጡት እንጂ በእጅ አይቀደድ። እስኪርቢቶ አታስቀምጡ፣ በሁለተኛው ቀን የለም። ሁለት እርሳስ፣ በአንድ ሜትር ሲባጎ ታስሮ።

ቦታው ከሁሉም ይከብዳል። መጽሐፍ መዋሻው ጠረጴዛ አጠገብ ከሆነ ሠራተኛው እያየ ማንም ስለ ሠራተኛው አይጽፍም። ቦርሳ ማስቀመጫው ጋ ከሆነ ደግሞ ሰልፉ ይገፋፋዋል። ጥሩው ቦታ ከምድር ቤት ወደ አንደኛ ፎቅ የሚወስደው ደረጃ መታጠፊያ ነው፤ ሰው እዚያ ለአፍታ ይቆማል፣ የሚያየውም የለም። ሰሌዳው እዚያው ይሰቀል፤ ደረጃ ለመውጣት ለሚቸገር ተማሪ ግን ሁለተኛ ሣጥን ምድር ቤት፣ ጉሮሮው ከወለል አንድ ሜትር ላይ ሆኖ ይቀመጥ፣ መልሶቹም በክላሰር እዚያ ይገኙ። 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ የኤፎር ግማሽ የሆነ ወረቀት በሰባት ዓምድና በሦስት ረድፍ 21 ይይዛል፣ ለርዕስም ትንሽ ቦታ ይተርፈዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ደሴ ክረምት ላይ ጭጋጉ ኮሪደር ድረስ ይገባል፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ፕላስተሩም ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት ወለል ላይ ይገኛል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቅርና ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በፒን፣ በአራቱም ማዕዘን መውጋት ነው። ኮምቦልቻ ጠላቱ ፀሐይ ነው። መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ የቀለም ፕሪንተር ጽሑፍ በጥቂት ሳምንት ይገረጣል፤ በሌዘር ፕሪንተር ጥቁር አትሙ ወይም ሰሌዳውን ከመስኮቱ አዙሩት። ፊደሉ ኒያላ ከሆነ 16 መጠን፣ ከዚያ ካነሰ ከኋላ የቆመው አያነብም።

ሣጥኑ ሰኞና ሐሙስ ይከፈት። ሁለት ሰው አብሮ ይክፈተው፣ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ አንዱ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሣጥኑ አብሮት እንዳይወጣ። ወረቀቶቹ አራት ቦታ ይከመራሉ፦ የሚመለስ ጥያቄ፣ ለሌላ ክፍል የሚተላለፍ አስተያየት፣ በሰው ላይ የቀረበ ቅሬታ፣ እና ቀልድ የማይነካው። ሦስተኛው ክምር ሰሌዳ አያይም፤ በፖስታ ለኃላፊው ይሄዳል። የተለጠፈ ጥያቄ ሁሉ በኮምፒውተር ይገልበጥ እንጂ በተማሪው እጅ ጽሑፍ አይሰቀል፤ የክፍል ልጅ የክፍል ልጅን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ ያውቃል።

አራተኛው ክምር ቀጭን ነው፣ ግን ይመጣል። «ሰልችቶኛል፣ መኖርም አልፈልግ» የምትል አንዲት መስመር። እሷ አትለጠፍም፣ አትገለበጥም፣ በዚያው ቀን ለግቢው የምክር አገልግሎት ይነገራል። ጻፊው ስለማይታወቅ ሰሌዳው መሃል አንድ ወረቀት ይሰቀላል፤ የወረቀቷን ቃል ሳይደግም፣ «ሰሞኑን የከበደዎት ካለ የምናዳምጥ ሰዎች አለን» ብሎ የቢሮውን ቁጥርና ሰዓት፣ ማታ ደግሞ የክሊኒኩን ተረኛ የሚያመላክት። እዚያች ወረቀት ላይ ጋሽ ሣጥኑ አይፈርሙም።

ጋሽ ሣጥኑ ማለት ሣጥኑ ናቸው። ስም ያስፈልጋል፤ ስም የሌለው መላሽ ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ማኔጅመንቱ» መምሰል ይጀምራል። ከስሙ ጋር የአማርኛ ችግር ይመጣል፦ ጠያቂው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። «አንተ» ካላችሁ ግማሹን ግቢ ትታችኋል፣ «አንተ/ቺ» ደግሞ ቅጽ እንጂ ሰው አይመስልም። መፍትሔው አንቱታ ነው። ጋሽ ሣጥኑ ፍሬሽማኑንም ጂሲውንም (ተመራቂውንም) እኩል አንቱ ይላሉ። ስለ ካፌ ምስር ውሃ ቀጠን ማለት የጠየቀ የ18 ዓመት ልጅ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ጌታው» ሲባል ቀልዱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሴትም ወንድም ሊሆን ለሚችል ግን «ጌታው» አይሆንም፤ «ክቡርነትዎ» ይሻላል።

ወሎ ላይ ነንና የመልሱ ቅርጽ በቡና ይሁን። አቦሉ ቀጥተኛው መልስ፣ ቶናው ቀልዱ፣ በረካው መጽሐፉ ያለበት መደርደሪያ። ብዙ ሰው ቀልዱን ማስቀደም ያምረዋል፤ ስሕተት ነው። ነገ ቴስት ያለበት ልጅ የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ጨዋታ ካገኘ ሁለተኛ አይጠይቅም። ሦስቱም አንድ ላይ ከ80 ቃል አይለፉ። እንዲህ ያለ ነው፦

«የደሴ ጭጋግ መቼ ነው የሚለቀን? ከዶርም እስክደርስ ደብተሬ ይረጥባል።»

አቦል፦ ከምሥራቅ ቆላ የሚመጣ እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ እላይ ሲደርስ እርጥበቱን መያዝ ያቅተውና ጭጋግ ይሆናል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ይገፈፋል። እስከዚያ ደብተርዎን በፌስታል።
ቶና፦ ጭጋጉ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ስለሚወጣ ደሴ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚቀመጠው። አብሽሩ፣ አረፍ ብሎ ይሄዳል።
በረካ፦ 551.575።

ቁጥሩ መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር ለሚደረድረው ለዴዊ አመዳደብ ነው፤ ላይብረሪያችሁ ሌላ የሚጠቀም ከሆነ የራሳችሁን ጻፉ። ብቻ ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው መደርደሪያው ድረስ ሄዶ መጽሐፉ መኖሩን ያረጋግጥ። በረካው ባዶ መደርደሪያ ላይ የጣለው ተማሪ አቦሉንም አያምንም።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ካታሎጉ አለ ይላል፣ ሼልፉ ላይ ግን የለም።» አንድ ጊዜ በደንብ መልሳችሁ ሰሌዳው ጥግ ላይ በቋሚነት ስቀሉት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደለም። አንደኛ፣ ቁጥሩ የሚነበበው እንደ አስርዮሽ ነው፤ 621.38 ከ621.4 በፊት ነው የሚቀመጠው። 38 ከ4 ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ የሄደ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ቁጥር ይገለበጣል፤ የኤሌክትሮኒክሱ 621.38 ተሳስቶ 621.83 ጋ፣ ከማርሽ ጥርሶች መሃል ተሰክቶ ይገኛል። ኮምቦልቻ ላይ ኤሌክትሪካልና ሜካኒካል በአንድ ግቢ ስለሚማሩ ይህ ቁጥር ያመላልሳቸዋል። ሦስተኛ፣ ተማሪ አንብቦ ራሱ ይመልሰዋል፣ በመሰለው ቦታ። አራተኛ፣ ፋይናል ሲቃረብ ሆን ብሎ የሚደብቅ አለ፤ የኢንጂነሪንጉን መጽሐፍ ከልብ ወለድ ጀርባ አስተኝቶ። እንግዲህ ፍለጋው ከላይና ከታች ሁለት ሁለት መደርደሪያ፣ ቀጥሎ ያልተመለሱ መጻሕፍት የሚከመሩበት ጋሪ፣ ቀጥሎ ሪዘርቭ (ተለይተው የተቀመጡ መጻሕፍት ክፍል)። ካልተገኘ ርዕሱን ጽፎ ሣጥን ውስጥ። ቶናው፦ «መጽሐፉን ከልብ ወለድ ጀርባ የደበቁት ክቡርነትዎ፣ መጽሐፉ እዚያ ሆኖ ፍቅር ይዞታል፤ እባክዎ ሳይጋባ ይመልሱልን።»

አስተያየት ሲሆን ቀልዱ ይቀንስ። «ከላይብረሪ ወደ ሴቶች ዶርም የሚወስደው መንገድ ማታ ጨለማ ነው» የሚል ወረቀት ቶና አይፈልግም። አምፖሉ የላይብረሪ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ መልሱ ላይ ለየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ በደብዳቤ ወይስ በቃል እንደተነገረ ይጻፍ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶም በዚያው ወረቀት ላይ የሆነው ይጨመር። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው ሐረግ ከሰሌዳው ይከልከል። ተማሪ ይህንን ሲያነብ የሚስቀው ሳቅ የምትፈልጉት ሳቅ አይደለም። የማይሆን ከሆነ «አይሆንም» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ ያስከብራል።

ቀልዱ ማን ላይ ያርፍ? አየሩ፣ ሣጥኑ ራሱ፣ ሲጢጥ የሚለው ወንበር፣ ቦታ ይዞ የሚውለው ደብተር («ደብተሩ ሦስት ምዕራፍ ጨርሷል፣ ባለቤቱ ገና አልመጣም»)። ጠያቂው ላይ አይሁን፣ መምህር ላይ አይሁን፣ ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት አያናክስ። ብሔርና ሃይማኖት ጭራሽ። የምግብ ጨዋታም ረመዳንንና ዐቢይ ጾምን እያየ ይሁን፤ ጾመኛ ፊት ስለ ክትፎ የሚቀልድ ሣጥን ወዳጅ አያፈራም። ሰምና ወርቅ ደግሞ ያጓጓል፣ ግን ግቢው ከየክልሉ የመጣ ልጅ ያለበት ነው። አፉን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊ የፈታ ተማሪ ሰሙን ብቻ አንብቦ ተሰድቤአለሁ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ወርቁን ለማብራራት ሁለተኛ ወረቀት የሚያስፈልገው ቀልድ ይቅር። በሌላ ቋንቋ የመጣ ጥያቄ ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው፣ በዚያው ቋንቋ ይመለስ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፣ አትደንግጡ። መዋሻው ላይ ያሉትን ሠራተኞች «በቀን ስንቴ ነው ይህ የምትጠየቁት?» ብላችሁ አምስት ጥያቄ ሰብስቡና መልሳችሁ ለጥፉ። በአፍ የተጠየቀ ነውና ፈጠራ አይባልም። ሁለተኛው ሳምንት ስልክ ቁጥርና የፍቅር ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዱን ብቻ ያለ ስምና ያለ ቁጥር መልሱ፦ «ጋሽ ሣጥኑ ሽማግሌ አይላኩም፣ ጉሮሯቸው ጠባብ ነው።» ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። ፋይናል ሲገባ ደግሞ ይጥለቀለቃል፤ ያኔ በየቀኑ ክፈቱ፣ መልሱም ባለ አንድ መስመር ይሁን።

ግቢው ሲዘጋ ጉሮሮው በፕላስተር ይታሸግ። ከመታሸጉ በፊት ግን ውስጡ እስከ ታች ይታይ፤ ክሊራንስ የጨነቀው ጂሲ የላይብረሪ መጽሐፍ ከነሽፋኑ አጥፎ ለመክተት ሞክሮ ይሆናል። በላዩ ላይም፦ «ጋሽ ሣጥኑ እረፍት ላይ ናቸው። አስቸኳይ ጥያቄ ካለዎት መዋሻው ጋ ያሉትን ሰዎች ይጠይቁ፤ እነሱም ይናገራሉ።»